ሐኪም ጋራ ነኝ

ሰው በገዛ ቋንቋው ይታለላል ቢሉት እንደሻው ከት ብሎ ይስቅ ነበር። እሱ ካርታ ሠሪ ነው፤ እንጀራው የተራራ፣ የወንዝና የመንደር ስም እየጠየቀ መጻፍ ነው። ጎጃምንና ወሎን በእግሩ አካሎታል። ምሥራቁን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሸሽቶታል። አለቃው "ሐረርጌ" ባሉ ቁጥር ወይ ወገቡን ያመዋል፣ ወይ እናቱ ትታመማለች። በመጋቢት 1973 ዓ.ም. ሰበቡ ሁሉ ተሟጠጠና፣ በሐረር ዙሪያ ያሉትን ተራሮች ስምና በጦርነቱ ጊዜ ሕዝብ የተጠለለባቸውን ዋሻዎች መዝግበህ ና ተባለ። ሻንጣውን አንጠልጥሎ በጀጎል ግንብ በር ገባ።

የሸሸው ተራራውን አልነበረማ። የሸሸው ጥሩወርቅ ወልደ ጊዮርጊስን ነበር።

የተዋወቁት በዕድገት በኅብረት ዘመቻ አንድ ጣቢያ ተመድበው ነው። እሷ የሐረር ግራዝማች ልጅ፣ እሱ የአዲስ አበባ ጠላ ሻጭ የወይዘሮ ዘነበች ልጅ። ዘመቻው ለሁሉም አንድ ዓይነት ካኪ አልብሶ እኩል ስላደረጋቸው፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠያየቁ ተዋደዱ። ካኪው ሲወልቅ እሷ ወደ ሐረር፣ እሱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸው የሚኖረው በፖስታ ውስጥ ሆነ። በአንዱ ደብዳቤዋ፣ ገብረመድኅን የሚባል ወጣት ሐኪም ሽማግሌ እንደላከባትና አባቷም "ይታሰብበታል" እንዳሉ ጻፈችለት። ልታስቀው ብላ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም፤ የጠላ ሻጭ ልጅ ሐኪም ሲጠራበት ምን ያስቀዋል?

ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። ሐረር በመድፍ ስትደበደብ ለአምስት ሳምንት ወሬዋ ጠፋ። በታኅሣሥ 1970 አንድ የጦር መኪና ሾፌር ከደብተር የተቀደደች ብጣሽ ወረቀት አመጣለት።

"እንደሻው፣ እኔ አሁን ሐኪም ጋራ ነኝ። ቤታችንን ትቼ ከወጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። አባባም ፈቅደዋል። ደህና ነኝ፤ ከእንግዲህ ስለ እኔ አታስብ። ጥሩወርቅ።"

የፈራ ሰው የተጻፈለትን ሳይሆን የፈራውን ነው የሚያነበው። እንደሻው ሾፌሩን ከደጅ አቁሞ ሁለት መስመር ጫረ። "ከሐኪምሽ ጋራ ደስ ይበልሽ። እኔን ግን እንደሌለሁ ቁጠሪኝ።" ወረቀቱን በሾፌሩ እጅ መልሶ ሰደደ። የእሷን ብጣሽ ግን አልጣላትም። ከመስክ ማስታወሻው ኪስ ውስጥ ሸጎጣትና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ተራራ ለተራራ ተሸክሟት ዞረ።

❖

መንገድ መሪ ሆነው የተሰጡት ጋሼ ዑመር ናቸው። ዕድሜያቸውን ጀጎል ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ የሐረር ተወላጅ፤ ሐረሪኛውንም ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገሩታል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ወሰዱትና ጣሪያው ላይ አወጡት። ከዚያ ላይ ሲታይ ዙሪያው ሁሉ ተራራ ነው።

እንደሻው ደብተሩን ገለጠ። የሥራው ደንብ ቀላል ነው፤ ለአንድ ተራራ ሦስት ሰው ይጠየቃል፣ ሁለቱ ከተስማሙ ስሙ ይጻፋል።

"ያ በደቡብ ያለው፣ ጭጋግ የሸፈነው፣ ማን ይባላል?"

"ሐኪም ጋራ።"

እንደሻው ፈገግ አለ። "ጋሼ ዑመር፣ ሐኪም ጋራ እንኳ ሌላ ቀን ይሄዳሉ። እኔ የጠየቅሁዎት የተራራውን ስም ነው።"

"እኔስ ምን አልኩህ ልጄ? ሐኪም ጋራ! ወልዩ፣ ቅዱሱ ሰው አው ሐኪም ያረፉበት ነው፣ በስማቸው ተጠራ። በኦሮምኛ ብትሄድ ጋራ፣ በአማርኛችሁ ብትሄድ ጋራ። ሐረር ያደገ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።"

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ እንዳረፈ ቀረ። እንደሻው ወደ ጣሪያው ጠርዝ ሄደና፣ በጠባቡ መንገድ እንጨት ተሸክማ የምታልፈውን ኦሮሞ ሴት "እመቤት፣ ያ ተራራ ማን ይባላል?" ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ ሸክሟን ሳታወርድ ቀና አለችና "ጋራ ሐኪም" አለችው። ከበሩ ላይ ተቀምጦ ጫማ የሚሰፋውን ጉራጌ ጠየቀው። ሰፊው መርፌውን ከአፉ አውጥቶ፣ እንግዳው እያሾፈበት እንደሆነ ሁሉ ገላመጠውና "ሐኪም ጋራ ነዋ" አለው። ሦስቱም ተስማሙ። እንደሻው ግን ለመጻፍ እጁ አልታዘዘውም።

የእኛ ፊደል የሰውን ስም ከቦታ ስም ለይቶ አያሳይም። ሐኪሙም ተራራውም በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ጥሩወርቅ ደግሞ ሐረር ተወልዳ ያደገች ናትና፣ ያን ስም የማያውቅ ሰው በምድር ላይ ይኖራል ብላ አልጠረጠረችም።

ብጣሿን ከኪሱ አወጣና ለጋሼ ዑመር ሰጣቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"በዚያ በመድፉ ጊዜ" አሉ፣ "ከጋራው ወገብ ላይ ያለው ዋሻ ውስጥ ነበርን። አማራው፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ ወተት የምትሸጥልን ሶማሊት ሳትቀር፤ ሁላችን በአንድ ጉድጓድ። አርባ ቀን። አንድ ዓርብ ጥይቱ ከዋሻው አፍ ላይ ወደቀ። ወላሂ ልጄ፣ ዋሻው ጮኸ። ሰው አይደለም የጮኸው፣ አለቱ ነው። የወጣነው ወጣን። አላህ ይርሐማቸው።"

"የግራዝማች ወልደ ጊዮርጊስ ልጅስ?" አለ እንደሻው።

ጋሼ ዑመር ወረቀቷን አጥፈው መለሱለት። ለረጅም ጊዜ ፊቱን አዩት፤ ይህ ሰው ማን እንደሆነ ገብቷቸዋል።

"እሷማ" አሉ፣ "እዚያው ሐኪም ጋራ ቀረች።"

እንደሻው ጣሪያው ላይ ቁጭ አለ። ሲጠላት የኖረው ሦስት ዓመት በአንድ ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ ተናደበትና፣ ለማን ይቅርታ እንደሚል ጠፋው።

❖

በማግሥቱ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ወደ ጋራው ወጡ። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም ነበር። በየመንገዱ ያገኟቸው ሰዎች ከጋሼ ዑመር ጋራ በየቋንቋቸው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ይስቃሉ፤ "ወዴት ናችሁ?" ሲሉና "ወደ ዋሻው" ሲባሉ ሳቁ ይቋረጣል። አንዷ እናት ልጇን በቀሚሷ ሸፈነችው። አንድ ገበሬ ቁፋሮውን ትቶ፣ ከዓይኑ እስኪሰወሩ ድረስ ቆሞ አያቸው።

"ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆኑት?" አለ እንደሻው።

"ዋሻው ስም ይይዛል ይላሉ" አሉ ጋሼ ዑመር። "ውስጥ ገብተህ የሰው ስም ብትጠራ ይመልስልሃል። ግን የጠራኸው ሰው አይደለም የሚመልስልህ። እኔ አላየሁም፤ ያየም አላየሁም። ቢሆንም እኔ ብሆን አልጠራም።"

ከዋሻው ትንሽ ዝቅ ብሎ አንዲት የጭቃ ቤት ከባሕር ዛፍ ሥር ታየች። ጋሼ ዑመር ቆሙ።

"ይህ የግራዝማች ቤት ነው። የከተማው ቤታቸው ፈርሶ እዚህ ነው ያሉት። የዚያች የሁለት መስመር ደብዳቤ ጸሐፊ እጄ ከገባ ከገደል እወረውረዋለሁ ብለው በመድኃኔዓለም ሲምሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ እሳቸውን ላብርድ። አንተ ቀድመህ ውጣ፤ መንገዱ ሌላ ቦታ አይወስድህም። ቢስሚላህ ብለህ ግባ፤ የእናንተንም በለው፤ ብቻ ዝም ብለህ አትግባ።"

እንደሻው አማተበና ብቻውን ወጣ። የዋሻው አፍ በግማሽ ተንዷል፤ ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። ባትሪውን ሲያበራ በመጀመሪያ ያየው የሕፃን ጫማ ነው፤ አንድ እግር። ከዚያ የተሰበረ ጀበና፣ ከዚያ እግሩ የወለቀ የቁርኣን ማስቀመጫ፣ ከዚያ በግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፈ ፊደል፤ ሀ ሁ ሂ። የእጅ ጽሕፈቱን ከየትም ቢያየው ያውቀዋል። ጥሩወርቅ በዚህ ጨለማ ውስጥ ልጆች ታስተምር ነበር። ፊደሉን በመዳፉ ዳሰሰ፤ አለቱ እርጥብ ነበር።

ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር የውጭው ድምፅ ሁሉ ጠፋ። የወፉም፣ የነፋሱም። የሚሰማው ጠብ የሚል ውሃና የገዛ ትንፋሹ ብቻ ነበር፤ ትንፋሹም ከፊቱ ካለው ጨለማ ተመልሶ ይመጣል። መንገዱ ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ብርሃን አየ። ጧፍ ነው፤ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቷል። ከጧፉ ሥር ነጠላዋን እስከ ጭንቅላቷ የተከናነበች ሴት ጀርባዋን ሰጥታው ቆማ፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ትጽፋለች። አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ነበር። በዘመቻው ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትጽፍም እንዲሁ ነበር የምትቆመው።

የጋሼ ዑመርን ምክር ረሳው።

"ጥሩወርቅ" አለ።

ዋሻው ስሟን ተቀበለና "ወርቅ... ወርቅ..." እያለ ወደ ጥልቁ ይዞት ሄደ። ሴትዮዋ አልዞረችም። እጇም አልቆመም።

"ጥሩወርቅ!"

አሁን አለቱ ሁሉ ጠራት። ከጣሪያው አፈር ረገፈ። እሷ ግን፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ቆማ፣ አንዲት ፊደል ጨርሳ ወደ ሌላዋ አለፈች። የእንደሻው ጸጉር ቆመ። በሕይወት ያለ ሰው ይህን ያህል ሲጠራ አይዞርም? እዚያው ቀረች ያሉት ሽማግሌ ትዝ አሉት። ሊሸሽ አሰበ፤ እግሩ ግን ከእሷ መራቅን እምቢ አለ።

የምትጽፈውን ያየው ያን ጊዜ ነው። የስም ዝርዝር ነው። ለተማርያም። ቡሽራ። የሺ። ሌሎችም፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም፣ ከላይ እስከ ታች። እርጥበት የበላቸውን እንደገና እያደመቀቻቸው ነበር። ከሁሉም በታች አሁን የምታደምቀው ስም አለ። ሦስቱ ፊደላት አልቀዋል፤ አራተኛው ላይ ናት። እንደሻ... አለና፣ ከዓይኑ ፊት የደበዘዘው "ው" ጠቁሮ ወጣ።

ሰው በቁሙ ስሙን ከሙታን ተርታ ሲጻፍ ማየት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። የእንደሻው ባትሪ ከእጁ ወደቀ። ብርሃኑ በግድግዳው ላይ ሮጠ፤ እሷም የብርሃኑን መሮጥ አይታ ዞረች።

ጥሩወርቅ ናት። ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። ጀርባዋን ከስሞቹ ጋራ አጣብቃ አየችው፣ ደግማ አየችው።

"ሞተህ ነው?" አለች።

ድምጿ ከሚገባው በላይ ከፍ ያለ፣ መውጣት መውረድ የሌለበት ነበር። ዋሻውም ተቀብሎ ጠየቀው፤ ሞተህ ነው፣ ሞተህ ነው።

"አልሞትኩም፤ ጥሩዬ፣ እኔ ነኝ፤ ትናንት ነው የሰማሁት፤ እኔ እኮ..."

"አፍህን አታድክም። አልሰማም።" እጇን ዘርግታ እጅጌውን ነካች፣ ክንዱን ጨበጠች፣ ሙቀቱን ስታገኝ እጇን እንደተቃጠለ ሰው መለሰች። "ከመድፉ ወዲህ አልሰማም። ታውቅ የለም እንዴ? አውቀህ አይደል 'ከሐኪምሽ ጋራ ደስ ይበልሽ' ብለህ የጻፍከው? ጆሮዬ በፋሻ ታስሮ የሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ሾፌሩ ነግሮታል አልኩ። ደንቆሮ ሴት ምን ታደርግልኛለች፣ ሐኪሟ ያስታማት ብሎ ነው አልኩ። እንደሌለሁ ቁጠሪኝ አልክ። ይኸው ቆጠርኩህ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ከእነሱ ጋራ እቆጥርሃለሁ።"

እንደሻው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። እሱ ያነበበው አንድ ነገር፣ እሷ ያነበበችው ሌላ ነገር። በሁለት መስመር ብቻ፣ ሳያውቅ፣ በአልጋ ላይ የወደቀችን ሴት ገፍትሮ ኖሯል። ባትሪውን አነሣ፤ ከደረት ኪሱ ደብተሩን አወጣ። የትናንቱን ገጽ ገለጠላት። "የተራራው ስም" ከሚለው ሥር፣ ማታ ላይ እንደምንም የጻፈው፣ ሐኪም ጋራ። ከጎኑ የራሷን ብጣሽ ወረቀት ዘረጋ፣ እጥፋቱ ሊበጠስ የደረሰውን። ከዚያ ከሥሩ ጻፈ።

"ሰው መስሎኝ ነበር። ተራራ መሆኑን ትናንት ነው የሰማሁት።"

ጥሩወርቅ አነበበች። ደብተሩን ተቀብላ ወደ ጧፉ አስጠጋችውና እንደገና አነበበች።

"ሐኪም" አለች። "ገብረመድኅን?"

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"ገብረመድኅን እኮ ጦርነቱ ሳይጀመር ወደ አገሩ ተዛውሯል።"

ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ ነበር፣ ግን የራሷን ሳቅ አትሰማምና እንዴት እንደሚያስፈራ አታውቅም። ዋሻው ሳቁን እያባዛ መለሰው፤ ስሞቹ ሁሉ አብረው የሳቁ መሰለ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና አለቀሰች። እንደሻው ሊይዛት ሲጠጋ በእጇ አቆመችው።

"ሦስት ዓመት። አንድ ጊዜ 'የትኛው ሐኪም?' ብለህ መጠየቅ እንዴት ያቅትሃል? እኔ እኮ እዚህ ጨለማ ውስጥ ሆኜ፣ በየኬላው ደብዳቤ የሚከፍቱ ሰዎች ዋሻውን እንዳያውቁ ፈርቼ፣ ያችን ለመጻፍ ሁለት ቀን አስቤያለሁ። አንተን ከማሳሰብ ብዬ።"

ብዙ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ጻፈ። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነበር። "የግራዝማች ልጅ ነሽ። እኔ የጠላ ሻጭ ልጅ ነኝ። እውነት መሰለኝ።"

ውሃው ጠብ አለ፣ ደግሞ ጠብ አለ።

"እኔም አልጠየቅሁህም" አለች። "ደንቆሮ ነኝ። እውነት መሰለኝ።"

እንደሻው መዳፉን አንሥቶ ስሙን ከግድግዳው ሊያጠፋ ሞከረ። እጁን ያዘችው።

"ተው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የማጠፋውም እኔ ነኝ። ገና አልወሰንኩም።" እጁን ግን አልለቀቀችውም። "እንደ በፊቱ አይደለሁም፣ እንደሻው። ብትጠራኝ አልመጣም። ከኋላ መኪና ቢመጣብኝ አልሰማም። ልጅ ቢያለቅስ አልሰማም።" ልጅ ማለቷ ለራሷ ዘግይቶ ገባትና ዓይኗን ሰበረች። "እናትህስ ምን ትላለች? እንዲህ ያለችውን ምን ታደርጋታለህ?"

በአንድ እጁ ነው የጻፈው፣ ሌላው እሷ ጋራ ነበርና። ደብተሩን በጉልበቱ አስደግፎ ጫረው።

"ጆሮ እያለኝ ሦስት ዓመት አልሰማሁሽም። ከሁለታችን የደነቆረው ማን ነው?"

አነበበችው። ከዚያ እጁን ለቀቀች፣ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አረጠበችና ስሙን ማሸት ጀመረች። ከሰሉ ቅዳሜ በቅዳሜ ላይ ተደራርቦ ከአለቱ ገብቶ ነበርና በቀላሉ አልለቀቀም። ነጠላዋ ጠቆረ፣ ጣቶቿ ጠቆሩ። እንደሻውም በእጅጌው አገዛት። ጎን ለጎን ቆመው ሲፈትጉ ትከሻቸው ይነካካል፤ ሁለቱም እንዳላወቁ ሆኑ።

ከዋሻው መግቢያ በኩል የድንጋይ መንከባለል ተሰማ፤ ለእሱ ነው የተሰማው። ዞር ሲል፣ ከመጠምዘዣው ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። አንዱ ጋሼ ዑመር ናቸው። ሌላው ጋቢ የለበሱ፣ ረጅም፣ ዱላቸውን ወደ ላይ ያነሡ። እንደሻው መሐላው ትዝ አለው። ቢሆንም ከጥሩወርቅ ጎን አልተነቃነቀም፤ ካሁን በኋላ ከገደል ቢወረውሩትም ደስ ብሎት ነው የሚወድቀው።

ጥሩወርቅ አላየቻቸውም። በእግሯ ጣት ቆመች፣ በከሰል የጠቆረ መዳፏን ከአፏ ዳር አደረገች፣ ወደ ጆሮው ተጠጋች። ልታንሾካሹክ ነው። በጣም ዝግ አድርጋ፣ ለእሱ ብቻ፣ ያን በደብዳቤ እንኳ ሙሉውን ጽፋው የማታውቀውን ነገር ነገረችው።

"እወድሃለሁ።"

ለእሷ ሹክሹክታ ነበር። ዋሻው ግን ተቀበለና ከግድግዳ ግድግዳ እያላተመ፣ በሙታኑ ስም ላይ እያሳለፈ፣ ወደ አፉ ይዞት ወጣ፤ እወድሃለሁ፣ እወድሃለሁ፣ እወድሃለሁ። እዚያ ታች የሚቆፍረው ገበሬ ሳይሰማው አልቀረም።

ግራዝማች ወልደ ጊዮርጊስ ዱላቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ሴት ልጃቸው አባት ቆሞ እያለ ያለችውን ሰምተዋል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሞት ወሬ በቀር ሲወጣበት ያልሰሙት ድምፅ ነበር። ጀርባቸውን ሰጡና ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

"አባባ ታች ነው ያሉት" አለች ጥሩወርቅ፣ አሁንም በዚያው ድምፅ፣ እያፈረች። "ማንም አልሰማንም አይደል?"

እንደሻው ከሽማግሌው ትከሻ ላይ ዓይኑን አንሥቶ አያት። ከንፈሩን በደንብ እንድታነበው ቀስ ብሎ፣ "ማንም" አላት።